ሻይ ክበቡን ሰየሙልሽ

እማዬ፣

ከተለየሽን ዓመት ሞላ። ሙት ዓመትሽን ባለፈው ሳምንት ዘከርን። እንዴት ነሽ እንዳልልሽ አትመልሺልኝም፤ ደህና ነን እንዳልልሽ ደግሞ ተናድጃለሁ።

ቤታችን ያው ነው። አባባ አሁንም ቃሊቲ መጋዘን ፈረቃ ይገባል፤ ሲመለስ ያንቺን ወንበር አልፎ በርጩማው ላይ ይቀመጣል። ከባድ መኪና ሲያልፍ መስኮታችን ይንቀጠቀጣል፤ የወተፍሽበት ወረቀት እዚያው አለ፣ አልነካሁትም። እኔ ዘጠነኛ ክፍል ገባሁ፤ ክፍል ውስጥ አሁንም እጄን አላወጣም። አትቆጪኝ።

የተናደድኩት በኮሌጅሽ ነው። የመምህራኑን ሻይ ክበብ ላንቺ መታሰቢያ አደረጉት። ስምሽንም አልጻፉም፤ በሩ ላይ ያለው «የእናታችን ሻይ ክበብ» የሚል ነው። ሻይ! የሠልጣኞችሽን ወረቀት ስታርሚ ስንቴ አስገነፈልሽው? ምድጃውን የምጠርገው እኔ አልነበርኩም እንዴ?

እኔ ከአምስተኛ ክፍል ስምንተኛ እስክደርስ ድረስ መምህራን የሚሠለጥኑበትን ያን ሁሉ ግቢ መራሽ። ማዕረግሽ ግን እስከ መጨረሻው «ተጠባባቂ ዲን» ነበር። አባባ «ዛሬም እየተጠባበቅሽ ነው?» እያለ ሲያሾፍብሽ ትስቂ ነበር፤ እኔን ግን አያስቀኝም። ሹመቱ እንዲጸድቅልሽ በጠየቅሽ ቁጥር «እናየዋለን አሉኝ» ብለሽ ቦርሳሽን አልጋው ላይ ትወረውሪ ነበር። «እናታችን» ሲሉሽም አክብሮት ነው ትዪኝ ነበር። ልጅሽ እኔ ነኝ፤ ለእነሱ አለቃቸው ነበርሽ።

ክበቡ ሲመረቅ እኔና አባባ ተጠራን። መንገዳችን በዲኑ ቢሮ ኮሪደር ነበር። ኮሌጁን የመራ ሰው ሁሉ ፎቶው እዚያ ይሰቀላል፤ ልማዳቸው ነው። አየኋቸው፣ ሁሉም ወንዶች ናቸው። ካንቺ በፊት የነበረውና ካንቺ በኋላ የመጣው ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። አንቺ በመሃል አልኖርሽም።

ሠልጣኞችሽ ሲለማመዱ ልታዪ እኛ ትምህርት ቤት የመጣሽበት ቀን ትዝ አለኝ። ከኋላ በእኔ ዴስክ ጠርዝ ላይ ተቀመጥሽ። ሠልጣኟ ጠየቀችን፤ ዝም ስንላት ደንግጣ ራሷ መለሰችው። ስትጨርስ ወደ ጎን ወስደሻት «የኔ ልጅ፣ ከጠየቅሽ በኋላ ዝም በይ። ዝምታው የሚከብደው መልሱ ያለበትን ሰው ነው» አልሻት። ወደ ቤት ስንመለስ ደግሞ ለእኔ «አንቺ ዝም ማለቱን ታውቂበታለሽ፤ የቀረሽ መጠየቅ ብቻ ነው» አልሽኝ።

ክበቡ ገብተን ሰው ሁሉ ሻይ እንደያዘ ዲኑ «ልጃቸው ሁለት ቃል ትናገር» አለ። አባባ ሊያድነኝ «ዓይን አፋር ናት» ብሎ ብድግ አለ። እጁን ያዝኩትና «የእማዬ ፎቶ ኮሪደሩ ላይ ለምን የለም?» አልኩ። ድምፄ ቀጭን ነበር።

«እሳቸው እኮ ለሁላችንም እናት ነበሩ» አለ ዲኑ።

ዝም አልኩ።

«ተጠባባቂ ስለነበሩ… አሠራሩ አይፈቅድም መሰለኝ።»

ዝም አልኩ። ብርጭቆውን ወደ አፉ ያነሣ ሰው አልነበረም። ከኋላ አንዲት መምህርት «ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት ሲመራን የነበረው ማን ነው? ወንበሩ ነው?» አለች። አንዳንዶቹ ሳቁ። ዲኑ አልሳቀም፤ መሬት መሬት እያየ «እሺ፣ እናየዋለን» አለ።

እናየዋለን! አንቺን ቀብረውም አልተዉሽም፣ እማዬ።

አባባ ፎቶሽን ፍሬም አስገብቶልኛል፤ ያን የማትወጂውን፣ መነጽርሽ ወደ አንድ ጎን የተንጋደደበትን። ሌላ ጥሩ የለሽም። ሰኞ ከትምህርት ቤት ስወጣ ይዤው ኮሌጅሽ እሄዳለሁ። «ምን አያችሁ?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ ከዚያ ፎቶሽን እንዳቀፍኩ ኮሪደሩ ላይ ዝም ብዬ እቆማለሁ። ካልሰቀሉሽ በሚቀጥለውም ሰኞ እመጣለሁ። አንቺን የማስታውስሽ እንዲህ ነው። ሻያቸውን ራሳቸው ይጠጡት።

ልጅሽ ሰላም