በአካል ይቅረብ ስለተባለው አባቴ

ይድረስ ለዓሣ ማስገር ፈቃድና ኮታ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ፣ ቀጥሎም ስለ ወንበርዎ ጤና እየተጨነቅኩ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ሁለታችሁም ሳትነቃነቁ ብዙ ዘመን እንድትቆዩ ምኞቴ ነው።

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት አንዲት ትንሽ ኃጢአት ልናዘዝ። ዛሬ ጠዋት ወንድሜ ፊቱን ሲታጠብ ከጃኬቱ ኪስ አንድ ሰማያዊ ካርድ ሰርቄአለሁ። ካርዱ ጽሕፈት ቤትዎ የሰጠው የማስገር ፈቃድ ነው፤ ያለ እሱ ማንም ጀልባ ከወደቡ አይወጣም። ፎቶው ላይ ያለው ግን ወንድሜ ሳይሆን አባቴ ነው። አባቴ ደግሞ ካለፈው ዓመት የወቅቱ መዝጊያ ቀን ጀምሮ ባሕር ውስጥ ነው።

ቁጥር ያልተሰጠው ነገር እንደማይታይዎ ስለሰማሁ አቤቱታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ኪሎ። ዓሣ ዕረፍት ያስፈልጋታል ብለው ወቅቱን መዝጋትዎን አልቃወምም፤ አባቴም እንቁላል የያዘችውን ወደ ውሃው ሲመልሳት ይቅርታ ይጠይቃት ነበር። የማይገባኝ ኮታውን ላልሞላ ሰው የጎደለው ኪሎ በሚቀጥለው ዓመት ይቀነስበታል የሚለው ሕግዎ ነው። ባለፈው ዓመት በመዝጊያው ቀን የሕንፃዎ ጣሪያ ላይ የማዕበል ማስጠንቀቂያ የሆነው ቀይ ባንዲራ ተሰቅሎ ነበር። ከጣሪያው በታች ባለው ክፍል ደግሞ ጸሐፊዎ የመውጫ ማኅተም ይመቱ ነበር። ጣሪያውና ክፍሉ እንደተኳረፉ የተረዳነው ያኔ ነው። አባቴ አርባ ኪሎ ቀርቶት ስለነበር «ደረስ ብዬ ልምጣ» ብሎ ወጣ። ጀልባዋ ተገልብጣ ተገኘች፤ እሱ አልተገኘም። በሁለተኛው ሳምንት ከእርስዎ ዘንድ ደብዳቤ ደረሰን፤ የቀረውን አርባ ኪሎ ለምን እንዳላስገባ አባቴ በአምስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲያስረዳ ያዛል። ስለ ትጋትዎ አመሰግናለሁ። እስካሁን አላስረዳም።

ሁለተኛ፣ ስለ አካል። እናቴ ፈቃዱ ወደ ወንድሜ እንዲዛወር ልትጠይቅ ስትሄድ፣ አውራ ጣታቸውን ምራቅ ሳያስነኩ ወረቀት የማይገልጡት ሽማግሌው ጸሐፊዎ «ባለፈቃዱ በአካል ይቅረብ» አሏት። የለም አለች። እንግዲያው የሞት ማስረጃ አምጪ አሏት። የሞት ማስረጃ የሚሰጠው ቢሮ ደግሞ «አካሉ ይቅረብ» አላት። እናቴ በሁለቱ ቢሮዎች መካከል ባለው ኮሪደር ላይ ቆማ ሳቀች። አብሬያት ነበርኩ፤ ያንን ሳቅ ዳግመኛ መስማት አልፈልግም። ባሕሩንም አካሉን ብንለምነው አልሰጠንም፤ ምናልባት ማመልከቻችን በሦስት ኮፒ ስላልነበረ ይሆናል።

ጸሐፊዎ ግን አንጀታቸው ስስ ነው። «እስኪገኝ ድረስ ልጁ ይሥራበት» ብለው ፈቃዱን በአባቴ ስም አደሱልን። ሦስተኛው አቤቱታዬ ከዚህ ደግነት የተወለደ ነው።

በየማለዳው የወደቡ ተቆጣጣሪ መዝገባቸውን ዘርግተው የአባቴን ስም ከነአያቱ ጮክ ብለው ይጠራሉ። ወንድሜ «አቤት» ይላል። ከስሙ ትይዩ «ተገኝቷል» ተብሎ ይጻፋል። ቤታችን ከወደቡ ሠላሳ እርምጃ ብትርቅ ነው፤ እናቴ በዚያ ሰዓት መስኮቱን ትዘጋለች፤ ድምፁ ግን በበሩ ሥር ይገባል። ወንድሜ መጀመሪያ ሰሞን አቤት የሚለው በራሱ ድምፅ ነበር። አሁን አሁን ድምፁ ወፍሯል። በአባቴ ቦታ ይቀመጣል፤ እንደ አባቴ ሁለቴ ስሎ አንዴ ጉሮሮውን ይጠርጋል። አጎቴ «ወንድ ልጅ ሲያድግ እንዲህ ነው» ይላል። አጎቴ ዐዋቂ ሰው ነው፤ የማያውቀውን ሁሉ የሚያስረዳው በዚችው ዓረፍተ ነገር ነው። እኔ ግን ሰውን በሌላ ሰው ስም ዓመት ሙሉ ሲጠሩት ቢከርሙ፣ ስሙ የባለቤቱን ዕጣ ጎትቶ እንዳያመጣበት እፈራለሁ።

ዛሬ የዘንድሮው ወቅት መዝጊያ ነው። ባንዲራው ከጠዋት ጀምሮ ቀይ ነው። አባቴ በመዝገብዎ ላይ ሃያ ስድስት ኪሎ ይቀረዋል፤ ወንድሜም ካርዱን ፍለጋ ፍራሽ እየገለበጠ ነው።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፦ ባንዲራው በተሰቀለበት ቀን የቀረ ኪሎ እንደ ጥፋት አይቆጠር። ጣሪያዎን ከክፍልዎ ያስታርቁ። እስከዚያው ካርዱ እኔ ዘንድ በክብር ይቀመጣል። «ካርድ የሌለውን የገዛ ልጄም ቢሆን አላሳልፍም» ለሚሉት ተቆጣጣሪዎ፣ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

የማኅተምዎን ድምፅ በመስኮት እየሰማሁ፣ ለክብርዎ ሲባል ኅዳጉን በሁለት ጣት ያሰፋሁልዎ፣ አባቴ ንግግሬ ጉሮሮው ላይ እየተሰነቀረ ቢያስቸግረው ይህን ቅጽል ስም ያወጣልኝ፣

የባለፈቃዱ ልጅ
እሾህ

ግልባጭ፦
በእንግዳ መቀበያዎ የመስታወት ገንዳ ውስጥ ለምትኖረው ዓሣ፤ በአካል የሚያውቁት እሷን ብቻ ስለሆነ።

ማስታወሻ፦ ካርዱን ማስመለስ ከፈለጉ ቤት አለሁ። ነገር ግን ወኪል አንቀበልም፤ ባለጉዳዩ በአካል ይቅረብ። ካርዱ ያለው ይህንን ወረቀት ካስደገፍኩበት ደብተር ሥር ነው፤ ይህንንም ለእርስዎ እንጂ ለማንም…

ወንድሜ በሩ ላይ ቆሟል። የአባቴን የዝናብ ልብስ ለብሷል። ከደብተሩ ሥር ያፈተለከውን ሰማያዊ ጫፍ አይቶታል። አልተቆጣም። በወፈረው ድምፁ «እሾሄ» አለኝ፤ እንዲህ ብሎ የሚጠራኝ አባቴ ብቻ ነበር።

አቤት አላልኩም። ካርዱን ወንበሬ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩበት፤ ሳይነቃነቁ መቀመጥን ከእርስዎ ተምሬአለሁ።

እንደገና ጠራኝ።