ለአጃቢዋ አጃቢ ስለጠፋላት እናት

ለተከበሩ የዓይን ሕክምና ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ግድግዳ ላይ የለጠፉት መመሪያም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የስምንት ዓመት ልጅ አለችኝ። በአንድ ሰሞን የእሷ ግራ፣ የእኔ ቀኝ ዓይን ቆብ ላይ እብጠት ወጣ፤ የእሷ ግን የሽንብራ ፍሬ አህሎ ቆቡን አወረደውና ዓይኗን ጋረደው። ሐኪሟ ለሁለታችንም እብጠቱን የሚያሟሽሽ የስቴሮይድ መርፌ አዘዙልን፤ የደቂቃ ሥራ ነው አሉን። መመሪያዎን አላነበቡትም መሰለኝ።

ለሚከተሉት ውለታዎችዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ፦

፩. ልጅ ያለ ወላጅ ፊርማ አይወጋም ተባልኩ። እስክሪብቶ ሳወጣ ደግሞ፣ ዓይኑ ያበጠ ሰው ቅጹን አጥርቶ ማንበቡ ስለማይታመን መጀመሪያ እኔ እንድታከም ታዘዝኩ። እንዲህ ስለተጠነቀቁልኝ እግዜር ይስጥልኝ።

፪. ልታከም ስቀርብ፣ ዓይኔ ታሽጎ ስለምወጣ ሁለት ጤነኛ ዓይን ያለው የቤተሰብ አጃቢ አምጪ ተባልኩ። በዚህ ከተማ ያለችኝ ቤተሰብ ልጄ ብቻ ናት። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ዕድሜዋ እንደማያግዳት፣ መመሪያው የሚጠይቀው ዓይን ብቻ እንደሆነ በትሕትና አስረዱኝ፤ ስለዚህ አስቀድማ እሷ ትዳን። እሷ እንድትድን እኔ ልፈርም፣ እኔ እንድፈርም እኔ ልዳን፣ እኔ እንድድን እሷ ትዳን። ጉድ እኮ ነው!

፫. ሁለቱም ዓይናቸው ጥርት ያለ ጎረቤቴን ይዤ መጣሁ፤ ዘመድ አይደሉም ተብለው ተመለሱ። እኔንና ልጄን አንድ ላይ ውጉንና ተደጋግፈን እንሂድ ብዬም ለመንኩ፤ አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ታካሚ ክልክል ነው።

፬. በአምስተኛው ወር የእኔ እብጠት ታክቶት ይሁን አፍሮ በራሱ ጊዜ ጠፋ። ፈረምኩ። ልጄ ተወጋች፤ እኔ መርፌ ውስጥ ክር የማስገባበትን ያህል እንኳ አልፈጀም። በሦስት ሳምንት እብጠቷ ሟሸሸ። ዓይኗ ግን ተጋርዶ ከርሞ ማየት ሰንፏል። ሐኪሟ ይህን ሲነግሩኝ መሬት መሬት ያዩ ነበር። እኔ ያኔ ተናደድኩ፤ አሁንም እንደተናደድኩ ነው።

ለመመሪያዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣

ቅጽዎን አምስት ወር ሙሉ ባበጠ ዓይኗ ስታነብ ከርማ በቃሏ የያዘችው፣
አክባሪዎ ልብስ ሰፊዋ

ማስታወሻ፦ ሰነፉ ዓይን እንዲሠራ ጤነኛው ከሰዓት በኋላ ይሸፈናል። ልጄ በዚያን ጊዜ ከበር ጋር ትጋጫለች፤ በተጋጨች ቁጥርም በሩን ይቅርታ ትለዋለች። በዚህ ጉዳይ እስካሁን ይቅርታ ያለች እሷ ብቻ ናት።