የአባቴ ጠማማ ምላጭ

ኅዳር 9 ቀን 1972

ጠዋት ተላጨሁ። ማለትም ታገልኩ። የአባቴ ታጣፊ ምላጭ... ጫፉ በጣሊያን ጊዜ ወድቆ ተሰብሮ፣ አባቴ ድንጋይ ላይ አሽቶ አዶለዶመው። እጀታው ሲሰበር ማክሰኝት ያለ ቀንድ ሠሪ የበሬ ቀንድ ገጠመለት፣ ጠመም አድርጎ። ችንካሩ የሬዲዮ ሽቦ ነው። ከመሳል ብዛት ስለቱ ወገቡ ላይ ሰርጉዷል። ጣሊያን ሠራሽነቱ በወሬ ብቻ ቀርቷል። ለእንግዳ ማሳየት ያሳፍራል። ግን ምን ይደረግ? የቀበሌው ሱቅ ምላጭ ካየ ስንት ጊዜው።

ኅዳር 21

ተገላገልኩ! የሚስቴ ወንድም ምናለ ከምሥራቅ ጀርመን ሥልጠና ሲመለስ አዲስ ታጣፊ ምላጭ አመጣልኝ። ቀጥ ያለ፣ የሚያብለጨልጭ፣ አንድ እንከን የሌለው... እንደ ሊቀመንበራችን ንግግር። አሮጌውን ለጎረቤታችን ለመሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ሰጠሁ። መጽሐፍ ሲጽፉ ከብራና ላይ ስሕተት ይፋቁበት ብዬ። ለጋስ መሆኔ ነው። መረቁኝ።

ታኅሣሥ 2

ደም። በልጅነቴ ከበቅሎ ወድቄ አገጬ ላይ የቀረችው ጉድጓድ... ጀርመኑ አይገባላትም። ወይ ዘሏት ያልፋል፣ ወይ ዳሯን ይበጣል። የአባቴ ዱልዱም ግን ለካ ገብቶ ይወጣ ነበር። እንዴት አላስተዋልኩም?

ታኅሣሥ 13

የቀበሌ ስብሰባ። ሊቀመንበሩ አገጬ ላይ አፈጠጠ።

«ጓድ ዓለምነው፣ ይቺ ጢም ምንድን ናት?»

«የቀረች ናት።»

«ከምን የቀረች?»

ከፊውዳል ርዝራዥ እንዳይመድባት ፈርቼ በእጄ ሸፈንኳት። ስብሰባው እስኪያልቅ አገጬን ይዤ ተቀመጥኩ። ሲያሰናብተን «በጥሞና ስትከታተል ነበር» ብሎ አመሰገነኝ!

ታኅሣሥ 24

የልጄ የሰብለ ወንጌል ሠርግ ጥር 18 ነው። በተበጣጠሰ ፊት ልዳራት?

«ምነው፣ ሂድና መሪጌታን ለምናቸው እንጂ!» ትላለች ሚስቴ ይርገዱ። የሰጠሁትን መልሱልኝ ልበል? እሷ ምን ቸገራት...

ሄድኩ። መሪጌታ ብራና ዘርግተው ይፍቃሉ፣ በኔ ምላጭ። በሳቸው ምላጭ።

«በጀርመኑ ይለውጡኝ» አልኩ። ሞከሩት። አንዲት ፊደል ሊፍቁ ብራናውን በሱት።

«ልጄ፣ ይሄ መቁረጥ እንጂ መፋቅ አያውቅም። ያንተው ግን ቀለሙን ያነሣል፣ ቆዳውን አይነካም።»

ያንተው አሉ! ግን አልሰጡኝም። ይባስ ብለው ጫፉን በሞረድ ጎርጎድ አድርገውታል፣ ጠባብ መስመር ውስጥ እንዲገባላቸው። እርር አልኩ። ማን ፈቀደላቸው? ... አባቴስ ማን ፈቅዶለት ነበር?

ጥር 18

ገና ጎህ ሲቀድ መሪጌታ ራሳቸው መጡ፣ ምላጩን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው።

«ተቀመጥ፣ የሙሽራ አባት!»

«እኔው ልላጭ...»

«የስንቱን ጸሐፊ ስሕተት ፍቄበታለሁ። ያንተ አገጭ ምን ያቅተዋል?»

ዱልዱሙ ጫፍ ጉድጓዷ ውስጥ ገብቶ ወጣ። ያ የተናደድኩበት ጎርጓዳም አፍንጫዬ ሥር ልክክ አለ። ጠብታ ደም የለም። ይርገዱ ጉንጬን ነክታ «ሸጋ!» አለች። ካገባኋት ወዲህ እንዲህ ብላኝ ታውቃለች?

የካቲት 2

ሳምንት እሳቸው፣ ሳምንት እኔ ተባብለናል። ጀርመኑ ወጥ ቤት ገብቷል። ይርገዱ ዶሮ ትበልትበታለች፣ አቻ የለውም ትላለች።

ዛሬ ምላጩ ከእጄ አምልጦ ወደቀ። የቀንዱ እጀታ ተሰነጠቀ። መሬቱን ሰደብኩት። ከዚያ ከሰብለ ወንጌል የሠርግ ቀሚስ የተረፈ ክር ፈልጌ ጠመጠምኩበት። ቋጠሮው እንደ ቡግንጅ ያበጠ ነው።

ምናለ አየና ዘገነነው። «ሌላ ላስልክልህ?»

«ወዲያ! ደግሞ ሌላ ጀርመን?»

ነገ ተራው የመሪጌታ ነው። ስለቱን እንደፈለጉ ይሞርዱት... ቋጠሮዬን ከነኩ ግን ጎረቤትነታችን አበቃ።