ስለ አሬጓ ሸክላ ሠሪዎች ገጾች የተሰጠ አደራ

እኔ ኤድቪሄስ ቤኔጋስ ይህን የተናዘዝሁት ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2023፣ በአሬጓ፣ በራሴ አልጋ ላይ ሆኜ ነው። ሰውነቴ ደክሟል፤ አእምሮዬ ግን የሚነገረኝንም የሚደበቅብኝንም ይለያል። ውል አዋዋዩ ዶን ኢሲድሮ ጽፎ ያመጣውን መክፈቻ አሰርዤዋለሁ። ያው ቃል ባለፈው ዓመት በጎረቤቴ አልጋ አጠገብ ሲነበብ ሰምቻለሁ፤ የሁለት ሰው ኑዛዜ በአንድ ቃል አይከፈትም።

ምስክሮች ሥራዬን ይወቁት። ሰው በስልኩ ኢንተርኔት ላይ ዕቃ ሲፈልግ ከገጹ ስም ሥር ሁለት መስመር ጽሑፍ ያያል። ለከተማችን ሸክላ ሠሪዎች ያንን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ለእያንዳንዱ ገጽ የራሱን።

ቤቱና የማንጎ ዛፉ ለልጄ ለኒልዳ ይሁኑ። ሞተር ብስክሌቴን የእኅቴ ልጅ ዊልፍሪዶ ይውሰዳት፤ ከአሁኑም ሳያስፈቅደኝ እንደ ራሱ ይነዳታል።

የሚያስጨንቀኝ የገጾቹ የይለፍ ቃል ነው። ሁለቱም ይፈልጉታል።

ሆስፒታል ሳለሁ የሸክላ ሠሪዋ የዶኛ ሲንፎሪያና ገጾች ታድሰው ተከፈቱ። የእንስራውም፣ የማሰሮውም፣ የአበባ ማስቀመጫውም ገጽ አንድ ጽሑፍ ለብሶ አገኘሁት፦ «ውብ የአሬጓ ሸክላ ለቤትዎ»። ፈላጊው የቱ የቱ እንደሆነ መለየት አቃተው፤ እንስራ የሚጠይቅ ጠፋ። ሲንፎሪያና ደውላ እንስራዬ ሞተ ወይ አለችኝ።

ዊልፍሪዶን ጠረጠርሁ፤ እጁ ፈጣን ነው። ስጠይቀው ደግሞ ማን ያነበዋል፣ ሰው ፎቶውን አይቶ ነው የሚጫነው አለኝ። አላመነም፣ አልካደም። ኒልዳ ትራሴን ማስተካከል ያዘች። ትጋቷንም ጠረጠርሁ።

ባለፈው እሑድ ሁለቱንም ጠርቼ ለእንስራው ገጽ ጽሑፍ አምጡ አልሁ። ቴሬሬው፣ በአንድ ዋንጫ በየተራ የምንጠጣው ቀዝቃዛ የቅጠል መጠጥ፣ እየዞረ ነበር። ዊልፍሪዶ የመጠጣት ተራው ሳይደርስ ጽፎ ጨረሰ፤ ያማረ ነው፣ ግን ለማንኛውም እንስራ ይሆናል። ኒልዳ ጠጥታ ዋንጫውን ስትመልስ «አመሰግናለሁ» አለች፤ በእኛ ዘንድ ከእንግዲህ አትቅዱልኝ ማለት ነው። ተነሥታ ወጣች። ከዶን ኢሲድሮ ዘንድ ኑዛዜዬን ልትሰልል ነው ብዬ ጠረጠርሁ።

አመሻሽ ላይ ቀሚሷ ጭቃ ነክቶት ተመለሰች። ያመጣችው ይህ ነው፦ «ያልተቀባ እንስራ። ያልበዋል፤ ውሃውን የሚያቀዘቅዘውም ላቡ ነው። ከሥሩ ሳህን ያድርጉ።»

«ከማን ሰረቅሽው?» አልኋት።

«ሲንፎሪያና ናት ያለችው። የእኔ ሥራ ማሳጠር ብቻ ነው።» ቀጥላም፣ «ያንን አንዱን ጽሑፍ ሁሉም ላይ የለጠፍሁትም እኔ ነኝ፣ እማዬ። አንቺ ታመሽ ገጾቹ ባዶ ሲሆኑ ፈራሁ» አለች።

ዊልፍሪዶ ያውቅ ኖሯል። «አክስቴ፣ እኔን መጠርጠር ለምደሽ የለ? እሷ ናት ብልሽ ሕመምሽ ይብስ ነበር» አለኝ። ደግነት ይሁን ብልጠት እስካሁን አልለየሁም።

ስለዚህ የይለፍ ቃሉ ለኒልዳ ይሰጥ። ዕቃውን ሄዳ ሳታይ አትጻፍ፤ ቃል ያጣችለትን ገጽም ባዶውን ትተወው፤ ከተደጋገመ ቃል ባዶ ይሻላል። ከጻፈችው ውስጥ ለሌላ ገጽ ሊሆን የሚችለውን ሁሉ ግን ዊልፍሪዶ ይሰርዝ ዘንድ መብት ሰጥቼዋለሁ።

ይህ ሲነበብ ኒልዳን ከፋት። «ዘበኛ ልታቆሚብኝ ነው?» አለች።

አዎን። አንቺም እሱን ጠብቂው፤ መልካሙን እንዳይሰርዝ። ቤቱን ለሁለት መክፈል አልቻልሁም፤ ጥርጣሬዬን ግን እኩል አካፍያችኋለሁ።

ሁለቱ ወራሾች በተቀመጡበት ተነብቦልኝ፣ ቃሉ የእኔና የእኔ ብቻ መሆኑን ሰምቼ ፈርሜአለሁ።

ተናዛዥ፦ ኤድቪሄስ ቤኔጋስ
ምስክሮች፦ ሲንፎሪያና ኦርቲጎሳ (በጣት አሻራ)፣ ፋኩንዶ ጃራ
ጸሐፊ፦ ኢሲድሮ ካንቴሮ፣ ውል አዋዋይ