በጋላክሲው ላይ ያየሁት መስመር

ለውድ አባቴ ለአቶ አበጀ ያለው፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? የደብረ ብርሃን ብርድ ጉልበትዎን እንዴት አድርጎታል? እማዬስ መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ትወስዳለች? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ጤናዬ ደህና ነው፤ ፍርሃት ግን አላስቀምጥ ብሎኛል።

አባባ፣ ባለፈው ወር ደውዬ ከአንድ ቅርብ ጋላክሲ መሃል እንደ ክር የቀጠነ ጨረር ሲወጣ አየሁ ብዬዎት አልነበር? ያ ጨረር የለም።

ሥራችን እንዲህ ነው። በረሃ ላይ ተራርቀው የተተከሉ አንቴናዎች ከጋላክሲዎች የሚመጣውን የራዲዮ ሞገድ ይሰበስባሉ፤ እኛ ከዚያ ምስል እናወጣለን። ምስሉ መጀመሪያ ድፍርስ ስለሆነ ለኮምፒውተሩ ይህን ሳይመስል አይቀርም ብለን ግምት እንሰጠዋለን፣ እሱም በግምቱ እየተመራ ያጠራዋል። እኔ ጉደኛዋ ለሙከራ በእጄ የሣልኩትን መስመር ከግምቱ ማጥፋቱን ረሳሁት። የሰጠሁትን መልሶ ሲሰጠኝ አገኘሁ ብዬ ጮቤ ረገጥኩ። ማክሰኞ መስመሩን አጥፍቼ አራት ጊዜ ሠራሁት፤ አራቱንም ጊዜ ባዶ ነው።

ስለ ጨረሩ የጻፍነው ጽሑፍ ደግሞ የአሥራ አንድ ሰው ስም ይዞ ለሳይንስ መጽሔት ተልኳል። የሥራ ኮንትራቴ የሚታደሰው በሚቀጥለው ወር ነው፣ ቪዛዬም በእሱ ላይ የቆመ ነው። አብሬያት የምኖረው የአክስቴ ልጅ አጸደ «ኮንትራቱን ሪኒው እስኪያደርጉልሽ ዝም በይ፤ ማን ቼክ ያደርገዋል?» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ለዓመታት ማንም ላያየው ይችላል። እኔም ዝም ብዬ ዋልኩ። አለቃዬ ፕሮፌሰሯ በበሬ ባለፈች ቁጥር ኮምፒውተሬ ላይ አቀረቅር ነበር።

ዛሬ ጠዋት ሁሉንም ጽፌ ላክሁላት። እስካሁን መልስ የለም። ያባርሩኝ ይሆን፣ ይማሩኝ ይሆን፣ አላውቅም። ስልኬ በነዘረ ቁጥር ብድግ እላለሁ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን የእርስዎ ነገር ነው። ለማኅበርተኞችዎ በኩራት ነግረው ቄሱ ሳይቀሩ እንደመረቁኝ ወንድሜ ኃይለመለኮት አጫውቶኛል። ነገ የኅዳር ሚካኤል ስለሆነ ስለ እኔ መጠየቃቸው አይቀርም። ስለዚህ ነው ደብዳቤውን በስልክ ፎቶ አንስቼ ለእሱ የምልከው፤ ከማኅበሩ በፊት ያንብብልዎ። አባባ፣ እባክዎ ፈረንጆቹ ቀንተውባት ነው አይበሉልኝ። ልጄ ተሳስታ ነበር፣ ማንም ሳይደርስባት ራሷ ተናገረች ይበሉልኝ።

የእማዬን ጉልበት ይሳሙልኝ። ኃይለመለኮትን ከነባለቤቱ፣ ጎረቤታችንን እትዬ የዓለምዘርፍንም እንደምን አላችሁ ይበሉልኝ። ምርቃትዎ አይለየኝ።

ልጅዎ የወይንሐረግ አበጀ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.