የሰባት ማባዣ በጠንቋይዋ መጽሐፍ

የተከበርሽ ታናሽ እህቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽ ደረጃ መውጣት ጀመረ? ባለቤትሽንስ ሳሉ ለቀቀው? መነጽርሽን አስቀየርሽ ወይስ ዛሬም ደብዳቤዬን የምታነብልሽ ጎረቤትሽ ናት? እሷ ከሆነች ሰላም በያት፤ ሳትዘልል ታንብብ። እኔ ደህና ነኝ። ጥርሴ እንጂ እጄ አልከዳኝም።

ልጅሽ በቴሌቪዥን ድራማ ጠንቋይ ሆና አጋንንት ስትጠራ ግማሽ ደቂቃ አይተሽ ማጥፋትሽን፣ ከዚያም እንዲህ ያለች ልጅ የለኝም ማለትሽን ሰማሁ። ይኸው ሦስት ሳምንት ስልኳን አላነሳሽም። እሷም መጋቢት ሲገባ ለሁለተኛው ዙር መፈረም አለባት፤ እናቴ ካላናገረችኝ ግን ይቅርብኝ ብላ ውሉን ጠረጴዛዬ ላይ ጥላው ሄደች።

ጠንቋይዋ አጋንንት የምትጠራበትን ያን መጽሐፍ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ታሪኩ የጥንት ስለሆነ የድሮ የእጅ ጽሑፍ የሚያውቅ ሰው ሲፈልጉ ልጅሽ አክስቴ አለች አለቻቸው። የሚቀርጹት አሮጌ መጋዘን ውስጥ ነው። የገሃነሙ በር ቀለም የተቀባ ስፖንጅ ነው፤ በጣቴ ጫን ብዬ አይቼዋለሁ። አዘጋጁ የመላእክትን ስም ገልብጬ እንድጽፍ ጠየቀኝ። መልአክን ለጋኔን ሥራ አልቀጥርም አልኩት። እማማ፣ ተመልካቹ የት ያውቃል ብሎ ሳቀ። አንዷ ተመልካች እኔ ነኝ፣ አውቃለሁ አልኩት። በድርሰታቸው ውስጥ የወደቀው መልአክ ገና ከሰማይ ሳይባረር ቀንድ አብቅሎ ነበር። እሱንም አሳረምኳቸው፤ ቀንዱ እስከ ሦስተኛው ክፍል ሳይበቅል እንዲቆይ ተደረገ።

ታዲያ ምን ጻፍኩ? የሰባትን ማባዣ፣ በግዕዝ ቁጥር! መምህራችን ማስመሪያ ይዘው ያስጠኑንን፣ አንቺ ያለቀስሽበትን። ልጅሽ በጭሱና በከበሮው መካከል ዓይኗን አፍጥጣ በግዕዝ የምታነበንበው እሱን ነው። የመብራት ሠራተኛው እንኳ ፈርቶ ከመሰላሉ ወረደ።

ቀረጻው ላይ ቆሜ ነበር። መጽሐፉን ሳታይ በቃሏ ስትወርደው፣ ስምንተኛው ላይ ሃምሳ ስድስት በማለት ፈንታ ሃምሳ አራት አለች። አንቺም ሁልጊዜ እዚያው ላይ ሃምሳ አራት ትዪ ነበር፤ ማስመሪያውም እዚያው ላይ ያርፍብሽ ነበር። ልጅቱን በልጅነቷ ያስጠናሻት አንቺ አይደለሽ? አቁሙ ልል አፌን ከፈትኩ። የሰው ደብዳቤ ላይ እንኳ ቀይ እስክሪብቶ የማነሳው እኔ፣ ስህተት ሰምቼ አፌን መልሼ ዘጋሁ።

በዚህ ወር መጨረሻ፣ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ ያ ክፍል ይደገማል። መነጽርሽን አድርጊና አብረሻት ቁጠሪ፤ እንዳታጠፊው። ስምንተኛው ላይ ማንን እንደምትጠራ ትሰሚያለሽ። በማግስቱ ስትደውል አንሺላት፤ ሃምሳ ስድስት መሆኑንም ራስሽ ንገሪያት። እኔ አልነግራትም።

ባለቤትሽን አጥብቀሽ ሰላም በይልኝ፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ ይውሰድ። ምራትሽ የላከችልኝ ሹራብ ልክ ነው፤ የግራው እጅጌ በሁለት ጣት ይረዝማል እንጂ እጇ ይባረክ። ትልቁ ልጅሽ ፊርማውን ሳይሆን ደብዳቤ ይላክልኝ። ሕፃኑን የልጅ ልጅሽን ሁለቱንም ጉንጩን ሳሚልኝ፤ ማባዣውን ግን እኔ እስክመጣ አታስጠኚው።

ታላቅ እህትሽ

ከዚያው ከፎቁ ቤት፣ ከመስኮቱ ሥር፣ የካቲት ፲፬ ቀን