ሥሩ የቀረ እንጉዳይ

ሐምሌ 9፣ ጠዋት
ጫማዬ ዛሬም ጭቃ ጠጥቷል። ደብተሬ፣ አሁንም ዳቡስ ወንዝ ላይ በጀልባ ነን። ግራና ቀኝ የሽመል ቀርከሃ ብቻ። አንድ ሾላ ወንዙ ላይ አጎንብሷል፤ ግንዱ ላይ ጆሮ የመሰለ ቡናማ እንጉዳይ። ለመጽሔት ዓምዴ ፎቶ አነሳሁ። ቀዛፊው ይማም፣ አባቱ ከወሎ በሰፈራ የመጡ፣ ይተርበኛል፦ "እታለም፣ ካሜራሽ ከመቅዘፊያዬ በለጠ ሠራ!" መሪያችን እማማ ሐዋ ናቸው፤ የበርታ ሴት፣ ዕድሜ ልካቸውን እዚህ እንጉዳይ የለቀሙ።

ከቀኑ 9፡00
ደብተሬ፣ ኩይሳ ሥር! ነጭ፣ የልጅ ጃንጥላ የሚያክል። ዘንቢል ሞላሁ፣ ብቻዬን! በቢላ፣ ከአፈሩ በላይ፣ እንደ ጎመን። እማማ ሐዋ የሽመል ቡቃያ ሊሰበስቡ ርቀው ነበር። ኔትወርክ ብልጭ ሲል የነጩን ፎቶ ለዋና አዘጋጁ ላክሁ። ከሥሩም ጻፍኩ፦ ኩይሳ አጠገብ ያገኛችሁትን ነጭ እንጉዳይ ያለ ሐሳብ ብሉ። ሽፋን ላይ ይወጣል አለኝ። ሽፋን! ያቺ የፋሽን ዓምደኛ ትፈንዳ።

ምሽት 12፡30
የዘንቢሌ እንጉዳይ ሁሉ ወንዝ ተጣለ። እማማ ሐዋ አንድ በአንድ ገልብጠው አዩና፣ "ሥሩ የት ሄደ?" ቆርጬዋለሁ አልኩ። "ኸላስ፣ አለቀ። ሥር የለም፣ እኔ አላውቅም። የማላውቀው ድስት አይገባም።"
የሚበላው ሥሩ ረጅም ነው አሉኝ፤ ኩይሳው ውስጥ ይዘልቃል። መርዛሙ ከላይ ቁርጥ እሱን ነው፤ ከታች ግን እንደ ሽንኩርት አብጦ ይቀራል። እኔ መለያውን መሬት ውስጥ ትቼ መጣሁ።
ሽፋኑ! ነገ 4፡00 ማተሚያ ቤት ይገባል። አንዱ አንብቦ ለልጆቹ ቢያበስልስ? ኔትወርክ የለም።

ሐምሌ 10፣ ጠዋት 1፡00
እማማ ሐዋ ቀሰቀሱኝ። ኩይሳው ሥር በሽመል ስንጣሪ እንጉዳይ ቆፈርን፤ እሳቸው አንዱን፣ እኔ አንዱን። ክንዴን የሚያክል ሥር፣ ሳይበጠስ! አገላብጠው አዩት። "ሹፍ፣ እይ! ጋዜጠኛ ተማረ" አሉ፤ በሳቸው አማርኛ እኔም "ተማረ" ነኝ። የኔን ከራሳቸው ዘንቢል ጨመሩት። ደብተሬ፣ ዋንጫ ቢሰጡኝ እንዲህ አልኮራም።

3፡10
ኔትወርክ አለበት ብሎ ይማም የጠቆመኝ ኮረብታ ጫፍ። ትንፋሼ አለቀ። ወስኛለሁ፦ ፎቶውም ጽሑፉም ይቅር፣ ሽፋኑ ለፋሽኗ ልጅ ይሁን፤ ያምርባታል። እኔ ስህተቴን በስሜ እጽፋለሁ፤ ያስተማሩኝም ማን እንደሆኑ። ከሚያውቅ ሰው ጋር ካልሆነ እጃችሁን ሰብስቡ እላለሁ።
ሁለት መስመር መጣ። እየጠራ ነው። ዋና አዘጋጁ አነሳ፣ ገና አፌን ሳልከፍት ስለ ሽፋኑ እንኳን ደስ ያለሽ ይለኛል፣ እኔም "አቁመው፤ ተሳስቻለሁ" አልኩት።